ከኩላሊቷ ጋር የሄደው ደም

ሐረገ ወይን ስማቸው የደሟን ዓይነት ያወቀችው ዐርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። አራት ልጆች ቤቷ ውስጥ ወልዳለች፤ አንድ ጊዜም አጨዳ ላይ ማጭድ ባቷን ሸርክቷት ደሟ ብዙ ፈስሷል፤ ደሟ ግን ስም እንዳለው የነገራት ሰው አልነበረም። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚሆን ደጋ ላይ፣ ከባሏ ከሀብቴ ጋር ገብስና ባቄላ እያመረተች፣ ጥቂት በጎችም እያረባች ትኖራለች። ረጅም ናት። ስትጣራ ድምጿ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ ስትስቅ ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች።

አባቷ መሪጌታ ስማቸው የመድኃኔ ዓለም ደብር አገልጋይ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ድጓ ሊማሩ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ሄደው ዓመታት ቆይተዋል። ሐረገ ወይን የተወለደችው እሳቸው ጉባኤ ቤት ሳሉ ነው። ታናሽ ወንድሟ ይታየው ተመልሰው ቤታቸውን ካቀኑ በኋላ የመጣ ልጅ ነው። መሪጌታ ልጁ ፊደል ሳይጨርስ ሞቱ። እናታቸው እሜቴ ጌጤ ከመሬቱ ጋር ሲታገሉ፣ ይታየውን ተማሪ ቤት ያስገባችው፣ ልብሱን ያጠበችለት፣ ስታገባም «ወንድሜን ይዤ ካልሆነ አልሄድም» ብላ ወደ ባሏ ቤት ይዛው የሄደችው ሐረገ ወይን ናት። ሀብቴ ይህን ሲያነሣ አሁንም ይስቃል። «ሙሽራ ላመጣ ሄጄ ተማሪም ጨምሬ ተመለስሁ» ይላል።

ተማሪው ወጣለት። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ሆነ። ራሄል የምትባል የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አገባ፤ ፍቅር የምትባል ሴት ልጅም ወለዱ። በየክረምቱ ሲመጣ ለእኅቱ ሻማ ወይም ጨርቅ ይይዝላት ነበር እንጂ ባዶ እጁን አያውቅም። «እታለም» ነው የሚላት፤ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

ራስ ምታት እንደያዘው ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገረም። የጠመኔ አቧራ ነው፣ የእንቅልፍ ማጣት ነው ይል ነበር። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ሲለው ራሄል ጎትታ ደብረ ታቦር ወሰደችው። ደም ግፊት ኖሮበት ሳይታወቅ ሁለቱንም ኩላሊቶቹን ጨርሷቸዋል። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሙ በመሣሪያ እየታጠበ መኖር ጀመረ። መምህርነቱ ቀረ። ቆዳው አመድ መሰለ። እሜቴ ጌጤ ሊያዩት ሄደው ሲመለሱ ለሐረገ ወይን የነገሯት «ልጄ ከገመድ ጋር ታስሯል» ብለው ብቻ ነው።

ኩላሊት ከዘመድ ተወስዶ እንደሚተከል ሐኪሞቹ ሲናገሩ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሜቴ ጌጤ ነበሩ። ደማቸው ተመረመረ፤ ዕድሜያቸው ግን አይፈቅድም ተባሉ። የራሄል ደም ከእሱ ጋር አልሄድ አለ። ሐረገ ወይን ይህን ስትሰማ ባቄላ እያረመች ነበር። ስልኩን ዘግታ ባሏ ዘንድ ሄደች።

«ሀብቴ፣ ልሰጠው ነው» አለችው።

ሀብቴ ሞፈሩን መሬት ላይ አኖረ። «ልጆቹን አስበሻል?» አላት።

«አስቤያለሁ። እሱም ልጄ ነው።»

«እኔ አንቺን ከለከልሁ ማለት ወንድምሽን ገደልሁ ማለት ነው። ይህን እኔ ላይ አትጣይብኝ። ሂጂ። ግን ተመለሺልኝ።»

አዲስ አበባ ሲደርሱ ምርመራው ወራት ፈጀ። የምታክማቸው ዶክተር ርብቃ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች፤ በትዕግሥት ትናገራለች፣ ስትናገርም ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። አንድ ጠዋት ወንድምና እኅቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ፦

«ሐረገ ወይን፣ የእርስዎ ደም ኦ ነው። የመምህር ይታየው ኤ ነው» አለቻቸው።

ሐረገ ወይን ደነገጠች። «አይገጥምም ማለት ነው?»

«ዓይነቱ የተለያየ ነው፤ ግን ኦ ለኤ ይሆናል። የእሱ ሰውነት የእርስዎን ኩላሊት አይቃወመውም።»

ይታየው ሣቀ። «ይህን ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁት ነው። ኦ ለሁሉም ይሰጣል፤ እሱ የሚቀበለው ግን ከመሰሉ ብቻ ነው። ልክ እንዳንቺ እታለም።»

ዶክተር ርብቃ ጨምራ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አንድ ነገር እንዳለ፣ ከተከላው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ደሙን በየጊዜው እያዩ እንደሚጠብቁት ተናገረች። ሐረገ ወይን ይህን አልሰማችም። «ይሆናል» የሚለውን ቃል ከያዘች በኋላ ሌላው ሁሉ ከጆሮዋ በላይ አለፈ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ስትነቃ ጎኗ እንደ እሳት ይፋጃል። ነርሷ ጎንበስ ብላ «ኩላሊቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሽንት መስጠት ጀመረ» ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። ሐረገ ወይን ባሕር ተሻግራ የደረሰች ያህል ተነፈሰች። በሽንት እልል ይባላል ብሎ ማን ያስባል? ራሄል ግን በኮሪደሩ ላይ እልል ብላ ዘበኛው ተቆጣት።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ቀናት የደስታ ነበሩ። ይታየው ፊቱ ተመለሰ። ለዓመታት በጠብታ የጠጣውን ውኃ በብርጭቆ ሲጠጣ፣ ብርጭቆውን እያየ ያለቅስ ነበር። ሐረገ ወይን ከሆስፒታል ወጥታ፣ የአገሯ ልጆች በተከራዩት ቤት ማገገም ጀመረች፤ እየመጣችም ትጠይቀዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን አንድ ቀን ስትገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘችው። «ደክሞኛል» አላት። ሲዞር የዓይኑ ነጭ ብጫ ሆኗል።

«ወፍ ነው የያዘህ?» አለችው ደንግጣ።

ራሄል የሽንቱን ዕቃ አሳየቻት። ጥቁር ሻይ ይመስላል። ኩላሊቱ ግን ትናንት ደኅና ነበር፤ ሐኪሞቹም ደኅና ብለውት ነበር። በዚያው ቀን ደሙ ሲመረመር ከግማሽ በላይ ወርዶ ተገኘ። ከየትም አልፈሰሰም። ውስጡ ሆኖ እየተሰባበረ ነበር።

ዶክተር ርብቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የፈራነው ያ አልፎ አልፎ የሚመጣው ነገር መጣ» አለች። «ኩላሊቱ ሲመጣ ከሐረገ ወይን ሰውነት ጥቂት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጡ ተሸሽገው መጥተዋል። እነዚህ ሕዋሳት የሚያውቁት የኦ ደም ብቻ ነው። ኤ ደም ሲያዩ ባዕድ መሰላቸውና የሚያጠፋው ነገር ማምረት ጀመሩ። እህል ሲጫን ነቀዝ አብሮ እንደሚሄድ ያህል ነው።»

ሐረገ ወይን ፊቷ ጠቆረ። «ነቀዝ ነው የላክሁበት?»

ሐኪሟ ያለችው ቃል ወዲያው ቆጫት፤ ልታስተካክል አፏን ስትከፍት ይታየው እጁን አነሣ። ድምፁ ከአልጋው ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ነቀዝ አይደለም እታለም። ውሻ ነው። ሰው ቤት ሲለቅ ውሻው ተከትሎት ይሄዳል። አዲሱን ሰፈር አያውቀውም፤ ያየውን ሁሉ ሌባ ይመስለዋል፤ ይናከሳል። ያንቺ ውሾች ናቸው። አንቺን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ይላመዱኛል፤ ወይም ያረጃሉ።»

«እስኪላመዱህ ቢጨርሱህስ?»

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

መድኃኒቱ ተጨመረ። ደምም ያስፈልገው ነበር፤ የራሱ ዓይነት ደም ሳይሆን የእኅቱ ዓይነት፣ ውሾቹ የማይነክሱት። ሐረገ ወይን እጅጌዋን ሰብስባ «ከኔ ቅዱ» ብላ ብትቀመጥ ከቀዶ ጥገና የተነሣች ሰው ደም አትሰጥም ብለው መለሷት። ወሬው በስልክ ሲዳረስ ከስማዳና ከጋይንት የመጡ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ አንዲት የአምባሳደር ቤት ሞግዚት ሳይቀሩ መጥተው ተሰለፉ። ብዙዎቹ ይታየውን አያውቁትም። የአገራቸውን ስም ሰምተው ነው የመጡት። ከመካከላቸው ደሙ ኦ የሆነው ሰጥቶ ሄደ፤ ያልሆነላቸው ደግሞ እንደ ጥፋተኛ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ።

ደሙ መሰባበሩን አቆመ። ጊዜ ወስዶ ነው እንጂ ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ። ነገር ግን የተሰባበረው ደም ሁሉ ሲወጣ ያለፈው በአዲሱ ኩላሊት ነበርና፣ ኩላሊቱን ጎድቶት አለፈ። አልሞተም፤ እንደ መጀመሪያውም አልሆነም። ይታየው ወደ እጥበት ሳይመለስ፣ ሙሉ ጤነኛም ሳይሆን በመካከል ቀረ። የሰውነቱን መከላከያ የሚያዳክመው መድኃኒት በርትቶ እንዲወስድ ታዘዘ። «ከሕዝብ ራቁ። ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገብ አይቀመጡ። ለሌላው ቀላል የሆነው ለእርስዎ ቀላል አይደለም» አለችው ዶክተር ርብቃ።

በእነዚያ ክፉ ቀናት ነው ራሄል ለአቶ ዓለምነህ የደወለችው። አቶ ዓለምነህ የመሪጌታ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የቤተሰቡ ሽማግሌ እሳቸው ስለሆኑ ማሳወቅ ነበረባት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እሷም እያለቀሰች ነው። «ደማቸው አልተስማማም፤ የእኅቱ ደም ነው የጎዳው» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

አቶ ዓለምነህ ክፉ ሰው አይደሉም። የሰሙትን ግን ሆዳቸው ውስጥ ማሳደር አይችሉም። በማግስቱ በአንድ የአገር ሰው ቀብር ላይ ተናገሩት። ከቀብር የተመለሰው ሰው ለጎረቤቱ ነገረ። «ደማቸው አልተስማማም» የተባለው ገበያ ደርሶ ሲመለስ «የአንድ አባት ልጆች አይደሉም» ሆኖ ተመለሰ። አንዱ «መሪጌታ ቤተ ልሔም ሳሉ አይደል እንዴ ያች ልጅ የተወለደችው?» አለ። ሌላው «እኔስ ቁመቷን ሳይ…» አለና ተወው። በዚህ ዓይነት አንድ የሐኪም ቤት ቃል ዐርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የአንዲትን ሴት ጓዳ ከፈተ።

ሐረገ ወይን አገሯ ስትመለስ ዘመድ አዝማድ ወጥቶ ተቀበላት። በግ ታረደ። እናቷ ግን ደጃፍ ላይ ሳሟትና ጎኗን በእጃቸው ዳስሰው ወደ ውስጥ ገቡ። እሑድ መጣ፤ እሜቴ ጌጤ ቅዳሴ ሄደው ሰንበቴው ሳይጀመር ተመለሱ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ከመሪጌታ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የጠጡበት ሰንበቴ ነው፤ ተራቸው ሲደርስ የሚደግሱት ድግስ የደብሩ ሰው ሲያመሰግነው የሚኖር ነው።

«እናቴን ምን ነካት?» ብላ ጎረቤታቸውን ደስታን ጠየቀቻት። ደስታ መጀመሪያ ዐይኗን አሸሸች። ኋላ ግን ሁሉንም ነገረቻት።

ሐረገ ወይን ያን ቀን የሄደችበትን መንገድ አታስታውሰውም። እናቷን ያገኘቻቸው ከጓሮ፣ ጌሾ ሲለቅሙ ነው።

«እናቴ፣ ወሬ ነው። ሐኪሟ ራሷ ነግራኛለች። ወንድምና እኅት ደማቸው ሊለያይ ይችላል። ወሬ ነው።»

እሜቴ ጌጤ ቅጠሉን መልቀም አላቆሙም። «ወሬ መሆኑን እኔና አባትሽ እናውቃለን» አሉ። «አባትሽ ግን አፈር ውስጥ ነው። እኔ ብቻዬን ብናገር ማን ይሰማኛል? ነፍሰ ጡር ትቶኝ ነው የሄደው። የምሥራቹን በሰው ልኬበት፣ ስምሽን ራሱ ነው ከቤተ ልሔም የላከው። አሁን ይህን በየደጁ እየዞርሁ ልማልበት?»

«እኔ አጎቴን አነጋግራለሁ።»

«ተይው። ስትናገሪ ይበዛል። ወንድምሽ እንዳይሰማ ብቻ።»

ሐረገ ወይን ቃሏን ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ጎኗ ላይ ያለው ጠባሳ ይሞቃት ጀመር። አንዱን ልታድን ብላ አንዷን የገደለች መሰላት። ለሀብቴ እንዲህ ስትለው «የሰጠሽው ኩላሊት ነው፤ ወሬውን የሰጡት እነሱ ናቸው» አላት። ልክ ነበር። እሷን ግን አላጽናናትም።

ይታየው በጥቅምት መጨረሻ መካነ ኢየሱስ ገባ። ማስተማር ባይፈቀድለትም ተማሪዎቹ በመስኮት እየመጡ ሰላም ይሉታል። እናቱ ሊያዩት እንዲመጡ ደጋግሞ ላከ፤ አልመጡም። አመመኝ፣ አጨዳ ነው፣ ውድማ ላይ ነን እያሉ አሳለፉ። በመጨረሻ ጥር ላይ፣ ራሄል እየተቆጣች፣ ራሱ ተነሥቶ ስማዳ ሄደ።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ለማወቅ ብዙ አልፈጀበትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኅቱን ከቤት ውጭ፣ አጥሩ ሥር አስቀምጦ ጠየቃት።

«እታለም፣ እናታችን ለምንድነው ሰንበቴ የማትቀመጠው?»

«ደክሟት ነው።»

«አትዋሺኝ። አንቺ ስትዋሺ ነጠላሽን ትጎትቻለሽ።»

ነገረችው። ሲሰማ መጀመሪያ ሣቀ፤ ለዓመታት ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሲያስተምር የኖረው ነገር ሰው ሊገድል መድረሱ አስቆት ነው። ከዚያ ሣቁ ሄደ። እጁን ጎኑ ላይ፣ የእሷ ኩላሊት ካለበት ቦታ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ።

«ነገ ሰንበቴው ላይ እናገራለሁ» አለ።

«አብደሃል? ሐኪሟ ምን አለችህ? ሕዝብ ካለበት አትድረስ አላለችህም? ሰዉ ሁሉ እያሳለ ነው።»

«ማስክ አደርጋለሁ። ደጅ ነው የሚቀመጡት።»

«ይታየው፣ በመድኃኔ ዓለም። እናታችን ራሷ ብትሰማ አትፈቅድም።»

«ለዚህ ነው የማንነግራት። እታለም፣ አንቺ ስለኔ ሆድሽን አስቀድደሻል። እናቴ በኔ በሽታ ምክንያት ስሟ ጠፍቶ ቁጭ ብዬ ውኃ ልጠጣ?»

በማግስቱ ያለወቅቱ ካፊያ ጣለ። ሰው ሁሉ ከደጁ ሸሽቶ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ሐረገ ወይን ይህን ስታይ ወንድሟን በክንዱ ይዛ ልትመልሰው ሞከረች። እሱ ግን ገባ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ከቄሱ ፈቃድ ጠይቆ ቆመ። አቶ ዓለምነህ ከፊት ተቀምጠዋል።

ማስኩን እንዳደረገ ጀመረ። ከኋላ ያሉ ሽማግሌዎች «አይሰማም! አይሰማም!» አሉ። ትንሽ ጮክ አለ። «ልጄ፣ አፍህን ፍታው!» አሉት አንዱ። ሐረገ ወይን ከሴቶቹ በኩል ራሷን ነቀነቀችለት። አያት። ከዚያም ማስኩን አወጣና ኪሱ ከተተው።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ» አለ፤ «ከጥቁር ላምና ከጥቁር በሬ ቀይ ጥጃ ሲወለድ ያላየ አለ?»

«አይተናል» አሉ።

«ላሟን ማን ጠረጠራት?»

ጥቂት ሰዎች ሣቁ፤ ከዚያ ሣቁ ተቆረጠ፤ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው።

«ጥቁሩ ከላይ ይታያል፤ ቀዩ ከሥር ተደብቆ ይኖራል። ደምም እንዲሁ ነው። ሰው ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ይወርሳል። እናቴ ኩላሊት ልትሰጠኝ ብላ ደሟ ተመርምሯል፤ ኦ ነው። ኤውን ያገኘሁት ከአባቴ ብቻ ነውና አባቴ ኤ ነበር፤ ከሥሩ ግን የተደበቀ ኦ ነበረው። ለኔ ከላይ ያለውን ሰጠኝ። ለእኅቴ የደበቀውን ሰጣት። ደማችን የተለያየው የአንድ አባት ልጆች ስላልሆንን አይደለም። እንዲያውም ሐኪሞቹ ሌላውን ሁሉ ሲመረምሩ እኅቴ ከኔ ጋር የገጠመችውን ያህል ሰው አይገጥምም ብለዋል። ባትገጥም ዛሬ እዚህ አልቆምም።» ትንፋሽ አጠረውና ግድግዳውን ያዘ። «እኔን ያመመኝ ሳይንሱ ስም የሰጠው፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም በሽታ ነው። እናቴን ያመማት ግን እናንተ ናችሁ።»

ከጥግ አባ ደምሌ የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ከስማቸው ጋር ቤተ ልሔም አንድ ጎጆ ነበርን» አሉ። «የልጅቱ መወለድ ሲሰማ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ስሟን ያወጣው እኔ ፊት ነው። ይህ ሁሉ ወሬ እዚህ እንዳለ አልነገራችሁኝም እንጂ ቀድሜ እናገር ነበር።»

ሰዉን ያሳመነው ላሟ ትሁን አባ ደምሌ፣ አይታወቅም። አቶ ዓለምነህ ግን ያን ዕለት ድንጋይ ተሸክመው ከእሜቴ ጌጤ ደጃፍ ወደቁ። እሜቴ ጌጤ ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱላቸው። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አሏቸው። «ከወንድምህ ጋር ስትገናኙ የራሳችሁን ትጨርሳላችሁ።» በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ ተቀመጡ። ሴቶቹ ከመካከላቸው ቦታ ለቀቁላቸው።

ይታየው ያን እሑድ አላየም። መካነ ኢየሱስ እንደተመለሰ ሳል ጀመረው። በማግስቱ ትኩሳት መጣ። የከተማው ሆስፒታል ሐኪሞች ኦክስጅን አድርገው ወደ ባሕር ዳር ይሂድ አሉ፤ የደብረ ታቦር መንገድ ግን በአካባቢው በተነሣ ግጭት ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ራሄል ከመኪና ወደ መኪና ስትለምን ሰነበተች። መንገዱ ተከፍቶ ባሕር ዳር ሲደርሱ ሳንባው ሞልቷል። ሰውነቱ የሚዋጋበት ኃይል አልነበረውም፤ የእሷን ኩላሊት ለማቆየት ሲባል ኃይሉ ተወስዶበታል።

ሐረገ ወይን ደረሰችበት። መናገር ይችል ነበር፤ በየቃሉ መካከል እያረፈ።

«እታለም፣ አደራሽን አበላሸሁብሽ።»

«ዝም በል። አትናገር።»

«ውሾችሽ ተላምደውኝ ነበር እኮ» አለና ሊሥቅ ሞከረ።

«እዚያ ባልሄድህ ኖሮ…»

«ከየት እንደያዘኝ ማን ያውቃል። ከመኪና ይሆናል። ለእናቴ ከሰንበቴው ነው ብለሽ እንዳትነግሪያት። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችለት። ከዚያ በኋላ የተናገረው ለራሄልና ለልጁ ነው፤ እሱን ለእነሱ እንተወው።

አስከሬኑ ስማዳ መጥቶ ከአባቱ አጠገብ ተቀበረ። ያገሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ሐረገ ወይን፣ ያች ድምጿ ወንዝ የሚሻገረው ሴት፣ አንድ ቃል አልወጣትም። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ቆመች። ሣጥኑ ሲወርድ ለደስታ በሹክሹክታ «እኔም እኮ አብሬው እየገባሁ ነው» አለቻት። ደስታ አቅፋ ያዘቻት። ሙሾውን ያወረዱት እናቱ ናቸው። ማንም ሳይነግራቸው ማወቃቸው የታወቀው ያን ጊዜ ነው፦

እኅትህ ከጎኗ ቆርሳ ብታኖርህ፣
ለናትህ ስም ብለህ ወዴት ነው የሄድህ።

ሐረገ ወይን ቃሏን ጠብቃ አልነገረቻቸውም፤ ግን ለእናት ማን ይነግራታል? ማታ፣ ለቅሶው ሲበርድ፣ እሜቴ ጌጤ ልጃቸውን አጠገባቸው አስተኝተው «ስሜ እንደጠፋ ቢቀር ይሻለኝ ነበር» አሏት። ሌላ ቀን ይህን አልደገሙትም። ዛሬም በየእሑዱ ሰንበቴ ይቀመጣሉ፤ «ልጄ የገዛልኝ ቦታ ነው፤ ባዶ አላደርገውም» ይላሉ። ሲነሡ ወደ መቃብሩ ዞር ብለው ትንሽ ይቆያሉ። አቶ ዓለምነህ ከሩቅ ቆመው ይጠብቋቸውና እስከ ቤታቸው ይሸኟቸዋል።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ብርቱካን የምትባል የእስቴ ሴት ሐረገ ወይንን ፈልጋ መጣች። ሴት ልጇ ኩላሊቷ ደክሟል፤ የእናቲቱ ደም ኦ፣ የልጅቱ ኤ ነው። የመምህር ይታየውን ታሪክ ሰምታለች። ፈርታለች። ሐረገ ወይን ውኃ ሰጠቻት፣ ምሳ አቀረበችላት፤ ሴትዮዋ ግን እህሉን አልነካችውም።

«እኅቴ፣ አንቺ ሰጥተሽ እንዲህ ከሆነ እኔስ ምን ላድርግ?» አለቻት።

«እንደኔ የሚሆነው ጥቂት ሰው ነው ብለውኛል። ብዙው ምንም ሳይሆን ይኖራል» አለች ሐረገ ወይን። «ሐኪሞቹ ሲነግሩሽ እስከ መጨረሻው ስሚ። እኔ 'ይሆናል' ሲሉኝ ሌላውን አልሰማሁም። 'አልፎ አልፎ' የሚሉት ነገር አለ፤ እሱን ደግመው እንዲነግሩሽ ጠይቂ። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗን እይ፣ ሽንቷን እይ። ደም የሚሰጡ ሰዎችም አስቀድመሽ ፈልጊ። ደግሞ ለዘመዶችሽ ከመሄድሽ በፊት ንገሪያቸው፤ የእናትና የልጅ ደም ሊለያይ ይችላል ብለሽ በደንብ አስረጂያቸው። በስልክ እንዳይሰሙት።»

ብርቱካን ሁሉንም በልቧ ያዘች። ከዚያ ልትጠይቅ የመጣችውን ጠየቀች።

«አይቆጭሽም?»

ከቤት ውጭ ሀብቴ በሬዎቹን እየተቆጣ ነበር።

«ይቆጨኛል» አለች። «ሌሊት ሌሊት ይቆጨኛል። ባልሰጠው ግን የሚቆጨኝ ቀንም ሌሊትም ነበር። ውኃ በብርጭቆ ሞልቶ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። ያን ያየሁት ስለሰጠሁት ነው።»

ብርቱካን ማልቀስ ጀመረች። ሐረገ ወይን እስክትጨርስ ጠበቀቻት፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ እሷ አስጠግታ «ብዪ እንጂ፣ መንገድሽ ሩቅ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ሁለት ሦስት ጉርሻ በላች። አብረው እስከ ዋናው መንገድ ወረዱ፤ የመካነ ኢየሱስ መኪና እስኪመጣ ድረስም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጅቱ አወሩ፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች፣ ምን እንደምትወድ።